ጥፋተኛው ማን ነው? ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር የሚፈተንበት መንገድ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፏል። ታላቋ ልጄ ከክፍሏ ‹‹አባዬ፣ ደግሞ ቆመ!›› ብላ ስትጮህ ሳሎን የነበርነው ሁሉ ምን እንደተፈጠረ ገባን። የመመረቂያ ጽሑፏን የምትሠራበት ኮምፒውተር ስታክ አድርጓል። ማውዙ አይንቀሳቀስም። ኪቦርዱ ቢነካካ ምላሽ የለውም። በስክሪኑ ጥግ ያለው ሰዓት ሳይቀር ባለበት ቀጥ ብሏል። ማብሪያውን ተጭኖ ይዞ ከማጥፋት ሌላ መላ አልነበረም። ተመልሶ ሲበራ ግን የመጨረሻው አንድ ሰዓት ሥራዋ አብሮ ጠፍቷል።

ጊዜው ግንቦት መጨረሻ ነው። ጽሑፉ አማካሪዋ ዘንድ መድረስ ያለበት ሰኔ 15 ቀን ነው። የአራት ዓመት ልፋት በአንድ ሳጥን ጠባይ ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ ያስጨንቃል።

በቤታችን ደግሞ ጥፋተኛው ‹‹ከታወቀ›› ሰንብቷል። ፈራጁም እኔ ነበርኩ። የአሥራ አራት ዓመቱን ወንድሟን ‹‹ይህን ኮምፒውተር ያበላሸኸው አንተ ነህ፤ ጌም ስትጭን፣ ጌም ስታወርድ!›› ብዬ ተቆጥቼው፣ ሁለተኛ እንዳይነካው ከልክዬው ነበር። ‹‹አባዬ፣ እኔ አይደለሁም›› ብሎኛል። አልሰማሁትም። ባለቤቴ የምትጠረጥረው ቫይረስን ነው። ልጄ በበኩሏ የምትወቅሰው የእንጀራ ምጣዱን ነው፤ ምጣዱ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላልና።

ለባለሙያም አሳይተናል። የመጀመሪያው ‹‹ቫይረስ ነው፤ ፎርማት ይደረግ›› አለን። ከፈልን፣ ፎርማት ተደረገ። ሁለት ቀን በደንብ ሠራ፤ በሦስተኛው ቆመ። ሁለተኛው ባለሙያ ያለንም ያንኑ ነው። ዳግም ከፈልን፣ ዳግም ፎርማት ተደረገ፣ ዳግም ቆመ።

በዚህ መሃል አንድ እሑድ የእህቴ ልጅ ቡና ሊጠጣ መጣ። ሥራው የኮምፒውተር ጥገና ነው። የሆነውን ሁሉ ስንተርክለት ቆይቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ።

‹‹ጋሼ፣ ልጁን ከከለከሉት ስንት ጊዜ ሆነው?››

‹‹ሦስት ሳምንት››

‹‹ከዚያ ወዲህ አልቆመም?››

መልስ አጣሁ።

‹‹ጌሙስ? ሁለት ጊዜ ፎርማት ሲደረግ አብሮ አልጠፋም?››

ልጄ በሩ ሥር ቆሞ ይሰማ ነበር። እኔም ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። የእህቴ ልጅ ግን ነገሩን አላካበደውም። ‹‹ጋሼ፣ ስታክ የሚያደርግ ኮምፒውተር በግምት አይጠገንም። ሆን ተብሎ ይፈተናል›› አለ። ቀጥሎ የምታነቡት የዚያ ፈተና ታሪክ ነው። ይህ ችግር ያለበት ቤት ብዙ ነውና፣ የተማርነውን በቅደም ተከተል አቅርቤዋለሁ።

ሁሉም መቆም አንድ አይደለም

የመጀመሪያው ትምህርት ‹‹ስታክ አደረገ›› የምንለው ቃል ብዙ በሽታ የሚሸፍን መሆኑ ነው። ሐኪም ‹‹አመመኝ›› ሲሉት ‹‹የት ጋ?›› ብሎ እንደሚጠይቀው ሁሉ፣ እዚህም መለየት ያስፈልጋል።

ማውዙ እየተንቀሳቀሰ አንድ ፕሮግራም ብቻ እምቢ ካለ፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ የዚያ ፕሮግራም ነው። ኮምፒውተሩ ለጥቂት ሴኮንዶች ቀጥ ብሎ መልሶ የሚቀጥል ከሆነ፣ በተለይ ፋይል ሲከፈት ወይም ሲቀመጥ፣ ሃርድ ዲስኩን መጠርጠር ተገቢ ነው። ድንገት ድርግም ብሎ የሚጠፋ ከሆነ ወደ ኤሌክትሪክ ወይም ወደ ሙቀት ያመለክታል። ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ የሚነሳ ከሆነ ደግሞ የራም ወይም የድራይቨር ችግር ሊሆን ይችላል፤ በስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ በስልክ ፎቶ ማንሳት ይጠቅማል።

የኛው ዓይነት ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይደርቃል። ይህንን ለማረጋገጥ ቀላል ዘዴ አለ። ኪቦርዱ ላይ ‹‹ካፕስ ሎክ›› የሚለውን ይጫኑ። ትንሿ መብራት ብልጭ ካለች ኮምፒውተሩ ውስጥ ውስጡን ሕይወት አለው። መብራቷ ካልተነቃነቀች ግን ሁሉም ነገር ቆሟል፤ ጥርጣሬው ወደ ዕቃው ወይም ወደ ድራይቨሩ ይዞራል።

ዊንዶውስ ራሱ የሚይዘው የክስተት መዝገብም አለ፤ ‹‹ኢቨንት ቪውወር›› ይባላል። በኛ መዝገብ ውስጥ ቁጥሩ 41 የሆነ ማስታወሻ ተደጋግሞ ነበር። ሁለተኛው ባለሙያ ይህንን አይቶ ‹‹ፓወር ነው›› ብሎን ነበር። የእህቴ ልጅ እንዳስረዳን ግን ማስታወሻው የሚናገረው ኮምፒውተሩ በሥርዓቱ ሳይዘጋ መጥፋቱን ብቻ ነው። ማብሪያውን ተጭነን ስናጠፋውም የሚጻፈው ይኸው ነው። ሞትን ይመዘግባል እንጂ የሞትን ምክንያት አይናገርም።

ባለ አምሳ ገጹ ደብተር

የመጀመሪያው መሣሪያችን አንድ ደብተር ሆነ። ኮምፒውተሩ በቆመ ቁጥር ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የተከፈቱት ፕሮግራሞች፣ ከበራ ምን ያህል እንደቆየና ምጣዱ ተሰክቶ እንደሆነ እንዲጻፍ ተወሰነ። ለአንድ ሳምንት ሌላ ምንም እንዳንነካ ታዘዝን። ጻፊው ማን ይሁን ስንባባል፣ የከሰስኩት ልጄ ‹‹እኔ እጽፋለሁ›› አለ።

በሳምንቱ ውስጥ ኮምፒውተሩ ሰባት ጊዜ ቆመ። እንጀራ በተጋገረባቸው ቀናት የቆመው ሁለቴ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ልጄ ጽሑፉን ብቻ ከፍታ ስትሠራ አንድም ጊዜ አልቆመም። የቆመው ሁልጊዜ መረጃዋን የምትተነትንበት ኤስፒኤስኤስ፣ ፎቶና ሠንጠረዥ የሞላው ረጅም ጽሑፍ እና የኢንተርኔት ገጾች አንድ ላይ ሲከፈቱ ነበር። ይህ የሚሆነው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው።

ደብተሩ ጥፋተኛውን አልነገረንም፤ ግን ጥያቄውን አጠበበልን። ኮምፒውተሩ የሚቆመው ሥራ ሲበዛበት ነው። ሥራ ሲበዛ ደግሞ ሦስት ነገሮች አብረው ይጨምራሉ፤ ሙቀቱ፣ የሚስበው ኤሌክትሪክ እና የሚይዘው ራም። ሦስቱን መለያየት የፈተናው ሥራ ነው።

ከሁሉ በፊት ሰነዱ

የእህቴ ልጅ ፈተናውን ከመጀመሩ በፊት ያደረገው የልጄን ጽሑፍ በሁለት ፍላሽ ላይ መገልበጥ ነው። ሦስተኛ ቅጂ በኢሜይሏ ላከች። የታመመ ዕቃ በፈተና መሃል ሊሞት ይችላል፤ በተለይ ሃርድ ዲስኩ ከታመመ ማስጨነቁ ራሱ ሊጨርሰው ይችላል።

ስለዚህ ቀጥሎ የታየው የሃርድ ዲስኩ ጤና ነው። ‹‹ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ›› የሚባል በነጻ የሚገኝ ፕሮግራም ዲስኩ ስለራሱ የሚመዘግበውን አንብቦ ‹‹ደህና››፣ ‹‹ጥንቃቄ›› ወይም ‹‹መጥፎ›› የሚል ፍርድ ይሰጣል። የኛ ደህና ነበር። ‹‹ጥንቃቄ›› ወይም ‹‹መጥፎ›› ቢል ኖሮ ፈተናው እዚያው ቆሞ ሰነድ ማትረፍ ብቻ ይሆን ነበር።

ስንገለብጥ ግን አንድ ደስ የማይል ነገር ገጠመን። የሦስተኛው ምዕራፍ ፋይል አልከፈት አለ፤ ተበላሽቷል ይላል። ደግነቱ የሳምንት በፊት ቅጂው በኢሜይሏ ውስጥ ነበር። የእህቴ ልጅ ይህን ሲያይ ‹‹እሺ›› ብሎ ዝም አለ። ምን እንዳሰበ የገባን በኋላ ነው።

ሆን ብሎ ማስጨነቅ ምንድን ነው?

አዲስ ድልድይ ለመኪና ከመከፈቱ በፊት ከባድ የጭነት መኪኖች ይቆሙበታል። ለኮምፒውተርም እንዲሁ ነው። ለፈተና የተሠሩ ፕሮግራሞች አንዱን ክፍል ብቻ መርጠው እስከ ዳር ያሠሩታል። ዓላማው እኛ በማንፈልግበት ሰዓት የሚቆመውን ኮምፒውተር እኛ በመረጥነው ሰዓት፣ ሰነዱ በተቀመጠበት፣ ዓይናችን እያየ እንዲቆም ማድረግ ነው።

በጣም ከታወቁት አንዱ ‹‹ፕራይም95›› ይባላል። ፕሮግራሙ የተሠራው ኮምፒውተር ለመፈተን አልነበረም። አሜሪካዊው ጆርጅ ዎልትማን በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የበጎ ፈቃደኞችን ኮምፒውተሮች አስተባብሮ እጅግ ግዙፍ ብቸኛ ቁጥሮችን የሚፈልግ ማኅበር ሲመሠርት ያዘጋጀው ነው። በዚህ ስሌት አንዲት ስሕተት የሳምንታትን ሥራ ገደል ትከታለች። ስለዚህ ፕሮግራሙ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ስሌት አሠርቶ ውጤቱን የሚያመሳክርበት ክፍል ተጨመረለት። አዋቂዎች ‹‹የስቃይ ፈተና›› ይሉታል። መልሱ ከታወቀው ጋር ካልተስማማ ዕቃው ታሟል ማለት ነው።

ይህ ፈተና ትልልቅ ፋብሪካዎችንም አሳፍሯል። በጥር 2016 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኢንቴል ኩባንያ ስድስተኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮቹ እንደ ፕራይም95 ባለ ከባድ ስሌት ላይ ቀጥ ሊሉ እንደሚችሉ አምኖ ማስተካከያ አውጥቷል። ችግሩን ያጋለጡት ፕሮግራሙን ሌት ተቀን የሚያሠሩት ሰዎች ነበሩ።

ከዚያ በፊት የሆነው ደግሞ ይበልጥ አስተማሪ ነው። ቶማስ ናይስሊ በአሜሪካ ቨርጂኒያ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ መምህር ነበሩ። በሰኔ 1994 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ለምርምራቸው በሚያሠሩት ስሌት ላይ የማይስማማ ውጤት አዩ። ወዲያው ‹‹ፕሮሰሰሩ ነው›› አላሉም። የጻፉትን ፕሮግራም መረመሩ፤ ማዘርቦርዱን ጠረጠሩ፤ ተጠርጣሪዎቹን አንድ በአንድ እየፈተኑ አስወጡ። በጥቅምት ወር የቀረው ተጠርጣሪ አንድ ብቻ ሆነ፤ አዲሱ የኢንቴል ፔንቲየም ፕሮሰሰር። ፔንቲየሙ ለምሳሌ 4195835ን ለ3145727 ሲያካፍል 1.33382 ማለት ሲገባው 1.33374 ይል ነበር። ኩባንያው በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ለጠየቀ ሁሉ እንደሚቀይር አስታወቀ፤ ለዚህም 475 ሚሊዮን ዶላር ወጪ መዘገበ። አንድ መምህር ያንን ግዙፍ ኩባንያ የረታው በትዕግሥት ነው፤ አራት ወር ፈትኖ ከዚያ በኋላ ነው የተናገረው። እኔ ልጄን ለመክሰስ አራት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ቅዳሜ፤ ሙቀትና ኤሌክትሪክ

ፈተናው የተጀመረው ቅዳሜ ጠዋት ነው። የእህቴ ልጅ ‹‹ኤች ደብሊው ሞኒተር›› የሚባለውን ሙቀት የሚያሳይ ፕሮግራም ከፈተ፤ ከዚያ ፕራይም95ን ፕሮሰሰሩን ብቻ በሚያስጨንቀው አማራጭ አስነሳው። ቁጥሩ ከ48 ዲግሪ ተነስቶ በአሥር ደቂቃ ውስጥ 94 ደረሰ። ብዙ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ከዚያም ካለፈ ይጠፋሉ። ፈተናውን ወዲያው አቆመው።

በተለምዶ ሲፒዩ የምንለው ሳጥን ተከፈተ። ፋኑ ላይ የተጋገረው አቧራ በጣት ይነሳል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ አየሯ ስስ ስለሆነ ፋን ጠርጎ የሚያወጣው ሙቀት ቆላ ካለው ያንሳል። በዚያ ላይ አቧራ ሲጨመርበት መታፈኑ አይገርምም። ሳጥኑ ከሶኬት ተነቅሎ፣ ደጅ ወጥቶ፣ ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ተይዞ በብሩሽና በብሎወር ተጠረገ። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ቴርማል ፔስትም ደርቆ ስለነበር ተቀየረ። ዳግም ፈተናው ሲደረግ ሙቀቱ 73 ላይ ቆመ።

‹‹ተገኘ!›› ብዬ ጮህኩ። የእህቴ ልጅ ሳቀ። ‹‹ጋሼ፣ አንድ ጥፋት አገኘን እንጂ ጥፋተኛውን አገኘን አይባልም። ታሞ የተገኘ ሁሉ ገዳይ አይደለም።››

ፕራይም95 አንድ ሰዓት ሙሉ ያለ ስሕተት ሠራ። በመሃሉ ባለቤቴ ‹‹እንግዲህ የኔንም ምጣድ ፈትኑት›› ብላ ሰካችው። አምፖሉ ደብዘዝ አለ፤ ኮምፒውተሩ ግን ምንም አልሆነም። እንጀራውም ስሌቱም ሳይቋረጥ ቀጠለ። ለግራፊክሱ ‹‹ፈርማርክ›› የሚባለው ፈተና ሩብ ሰዓት ተሠራ፤ እሱም አለፈ። የፓወር ሰፕላዩ ባለ 12 ቮልት መስመር በመለኪያ ሲታይ፣ ጭነት እያለበትም ከተፈቀደው ከ11.4 እስከ 12.6 ካለው ክልል አልወጣም። ማዘርቦርዱ ላይ አናቱ ያበጠ ካፓሲተርም አልተገኘም።

የዚያን ቀን ማታ ልጄ እንደ ልማዷ ሁሉንም ከፍታ መሥራት ጀመረች። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ኮምፒውተሩ ቀጥ አለ። ተከሳሹ ልጄ ደብተሩን አውጥቶ ጻፈ፤ ‹‹ቅዳሜ፣ ምጣድ የለም፣ ሙቀት 61።››

የራም ሌሊት

አሁን የቀረው ራም ነው። ራም ኮምፒውተሩ ሲሠራ ዕቃውን የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው ቢባል ያስኬዳል። በ8 ጊጋባይት ራም ውስጥ ከ68 ቢሊዮን በላይ ዜሮና አንድ ይቀመጣሉ። ከመካከላቸው አንዷ ጥግ ብትበላሽ፣ ጠረጴዛው ሲጨናነቅ ብቻ ነው ዕቃ የሚያርፍባት። ጠዋት ጠዋት ሥራ ቀላል ሲሆን የማይቆመው፣ ማታ የሚቆመው፣ ፎርማት ከተደረገ በኋላም ሁለት ቀን ደህና የሚመስለው ለዚህ ሊሆን ይችላል። ያ ምዕራፍ የተበላሸውም እንዲሁ ነው። ራም ያጣመመውን ሃርድ ዲስኩ አምኖ ያስቀምጠዋል።

ራምን ዊንዶውስ ተከፍቶ ሳለ በሙሉ መፈተን አይቻልም፤ ዊንዶውስ ራሱ ከፊሉን ይዞታልና። ስለዚህ ‹‹ሜምቴስት86 ፕላስ›› የተባለው ነጻ ፕሮግራም ባዶ ፍላሽ ላይ ተጭኖ ኮምፒውተሩ ከዚያ እንዲነሳ ተደረገ። ልብ ይበሉ፤ ሲጫን ፍላሹ ላይ ያለው ሁሉ ይጠፋል። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን የራም ጥግ ቁጥር ይጽፍበታል፤ መልሶ ያነባል፤ የጻፈውና ያነበበው አንድ መሆኑን ያያል። ሁሉንም አዳርሶ ሲጨርስ አንድ ዙር ይባላል። አንድ ዙር አይበቃም፤ ሌሊቱን ማሳደር ያስፈልጋል። አንዳንዱ ስሕተት ዕቃው ሲሞቅ ወይም ከብዙ ድግግሞሽ በኋላ ብቻ ይወጣልና። ለቀላል ፈተና ዊንዶውስ ውስጥ ያለው ‹‹ሜሞሪ ዳያግኖስቲክ››ም አለ፤ ይሁን እንጂ እሱ ‹‹ደህና ነው›› ስላለ ብቻ ራሙን ነጻ ማውጣት አይገባም።

እሑድ ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ አስነሳነው። የመጀመሪያው ዙር ዜሮ ስሕተት። ውጭ ዝናብ ይወርዳል፤ እኔ መብራት እንዳይጠፋ እየለመንኩ ተኛሁ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ልጄ ቀሰቀሰኝ። ‹‹አባዬ፣ ቀይ ሆኗል።›› ስክሪኑ በቀይ መስመሮች ተሞልቷል። ሃያ ሦስት ስሕተት።

በራም ፈተና ላይ ‹‹ጥቂት ነው›› የሚባል ስሕተት የለም። አንድም ቢሆን ወድቋል።

ግን የወደቀው የትኛው ነው? ሁለት ራም ነበረን፤ ሁለት መስኪያም። የእህቴ ልጅ ሁለቱንም አውጥቶ ወርቃማ ጥርሳቸውን በላጲስ አሸ፤ አንዳንዴ ችግሩ የነጩ አቧራና የዝገት ያህል ቀላል ነውና። ሲመለሱ ስሕተቱ አልጠፋም። ከዚያ አንድ በአንድ ተፈተኑ። አሮጌው ራም ብቻውን ሌሊቱን ሙሉ ሠራ፤ ዜሮ። ሁለተኛው ብቻውን ሲገባ በሁለተኛው ዙር ቀይ ሆነ። መስኪያው ይሆን ተብሎ ቦታቸው ተለዋወጠ። ጥሩው ራም በተጠረጠረው መስኪያ ላይ ደህና ሠራ፤ መጥፎው ራም በጥሩው መስኪያ ላይ ወደቀ። ክርክሩ እዚያ ላይ አበቃ።

ያንን ሁለተኛውን ራም የገዛሁት እኔ ነኝ። ከአራት ወር በፊት ልጄ ‹‹ኮምፒውተሩ ይዘገያል›› ስትል ያገለገለ ራም በርካሽ አገኘሁና ‹‹ተፈትኗል›› የሚለውን የሻጩን ቃል አምኜ አመጣሁላት። ጥፋተኛው የልጄ ጌም አልነበረም፤ ምጣዱም አልነበረም። የኔ ቁጠባ ነበር።

መዳኑ የሚታወቀው መቼ ነው?

መጥፎው ራም ወጣ። ‹‹በቃ፣ ተጠገነ›› ልል ስል የእህቴ ልጅ አሁንም አስቆመኝ። ‹‹ከፎርማት በኋላም እኮ ሁለት ቀን ሠርቷል፤ ጋሼ።›› ጥገና የሚረጋገጠው ዕቃው ዝም ብሎ ስለሠራ ሳይሆን፣ የወደቀበትን ፈተና ደግሞ ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ፕራይም95 ፕሮሰሰሩንም ራሙንም አብሮ በሚያስጨንቀው አማራጭ አንድ ሌሊት አደረ፤ ያለ ስሕተት ነጋ። ከዚያ በኋላ ነው ልጄ ወደ ሥራዋ የተመለሰችው። በግማሽ ራም ቀርፋፋ ነበር፤ ግን አልቆመም። ጽሑፏን ከተባለው ቀን ሁለት ቀን ቀደም ብላ አስገባች።

በእናንተም ቤት ተመሳሳይ ችግር ካለ፣ እኛ ከተማርነው እነዚህን ያዙ፦

• ፎርማት ከማስደረግዎ በፊት ሰነድዎን በሁለት ቦታ ያስቀምጡ። የቆዩ ቅጂዎችንም አይሰርዙ፤ የቅርቡ የተበላሸ ሊሆን ይችላል።

• ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ይመዝግቡ። መቼ እንደቆመ ብቻ ሳይሆን ምን ሲሠራ እንደቆመ ይጻፉ።

• በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ተቀይሮ ቢድን የትኛው እንዳዳነው አይታወቅም፤ ደህናውን ዕቃም በከንቱ ይጥላሉ።

• በፈተና ጊዜ ከኮምፒውተሩ ፊት አይራቁ፤ ሙቀቱን ይከታተሉ። ከ90 ዲግሪ በላይ ሲሄድ አቁመው አቧራውን ያስጠርጉ። የራሙ ፈተና ግን ዕቃውን ያን ያህል ስለማያሞቀው ሊያድር ይችላል።

• ላፕቶፕ ከሆነ አልጋ ወይም ብርድ ልብስ ላይ አድርገው አይፈትኑ። ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት፤ ባትሪው ያበጠ ከሆነ ጨርሶ አይሞክሩት።

• ፓወር ሰፕላዩን ራሱን በፍጹም አይክፈቱ። ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም አደገኛ ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል። ከጠረጠሩት ደህና በሆነ ሌላ ማስቀየርና መፈተን ይሻላል።

• ያገለገለ ራም ወይም ኮምፒውተር ሲገዙ ‹‹ተፈትኗል›› የሚለውን ቃል ሳይሆን ፈተናውን ይጠይቁ። ቢያንስ ለመመለስ የጥቂት ቀናት ጊዜ ይዋዋሉ፤ ወስደውም ሌሊቱን ሜምቴስት ላይ ያሳድሩት።

• ወደ ባለሙያ ሲሄዱ ደብተሩን ይዘው ይሂዱ። ሳይፈትን ‹‹ፎርማት›› የሚልዎትን ‹‹ምን አይተህ ነው?›› ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው።

ጽሑፉ በገባ ማግሥት፣ ምሳ ላይ፣ ሁሉም ባለበት ልጄን ይቅርታ ጠየቅኩት። አባት ልጁን ይቅርታ ሲጠይቅ ማየት በቤታችን የተለመደ አይደለም። እናቱ እጇን ከትሪው አንስታ ቆየች። ልጄ አንገቱን ደፍቶ ሰማኝና ‹‹ችግር የለም፣ አባዬ›› አለ። ከዚያ ትንሽ ቆይቶ ቀና አለ።

‹‹ታዲያ ጌሙን መልሼ ልጫን?››

ከእህቱ ሥራ በኋላ፣ በቀን አንድ ሰዓት ተፈቅዶለታል። ደብተሩም አልተጣለም፤ ኮምፒውተሩ አጠገብ ተቀምጧል። ከሰኔ ወዲህ አንድም መስመር አልተጻፈበትም።